ማታ ከማንጎው ላይ የሚንጫጩት የሌሊት ወፎች ምን እየተባባሉ ነው?

የከዚራዋ — ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡15

ሰላም ድሬዎች። ሐረሮችም ካላችሁ ሰላም።

ግቢያችን ውስጥ አንድ ትልቅ ማንጎ አለ። ፍሬው መብሰል ከጀመረ ወዲህ፣ ገና ጀምበር ጥልቅ ስትል የሌሊት ወፎች ከተፍ ይላሉ። መብላቱን ይብሉ፣ ለእኛም ይተርፋል። ጫጫታቸው ግን ጉድ ነው። አንዷ ትጀምራለች፣ ሌላዋ ከወዲያኛው ቅርንጫፍ ትቀበላታለች፣ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ይንጫጫሉ። መብራት የጠፋ ዕለትማ ከእነሱ ሌላ የሚሰማ ነገር የለም።

ጠዋት ሲሚንቶው ላይ የተኘከ ቃጫ አገኛለሁ። ጭማቂው ተመጥጦ ያለቀ፣ ጠፍጠፍ ያለ፣ የላንቃቸው ሽንትር የታተመበት። ጠርጌ አልጨርሰውም።

ጎረቤታችን ዛፉ ይቆረጥ ባይ ነው። «የሌሊት ወፍ የሚጮህበት ግቢ አይበጅም» ይላል። እኔ ደግሞ ጩኸቱ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ዛፍ አላስቆርጥም። መንገዳቸውን በድምፅ እንደሚያገኙ ትምህርት ቤት ተምረናል። ታዲያ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥለው የምን መንገድ ነው? የምታውቁ ንገሩኝ።

ገንደ ቆሬ — ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡21

አቦ አድራሻውን ላኪልን። ማንጎ ካለ እኛም መጥተን እንጮሃለን።

ሳቢያን — ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡40

ምን ይባባላሉ ትላለች እንዴ? ጠብ ነው። አንዱ የያዘውን ሌላው ይነጥቃል፣ ይጮሃሉ፣ አለቀ። የሰው ልጅ እንስሳ ድምፅ ባሰማ ቁጥር ወሬ ይመስለዋል።

መምህር ቆላ — ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡30

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ጥያቄሽ ጥሩ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ፣ ታገሱኝ።

የሌሊት ወፍ ሁለት ዓይነት ድምፅ አላት። አንደኛው ያልሽው የመንገድ ድምፅ ነው። ድምፁን ትለቃለች፣ ግድግዳው ወይም ትንኟ ላይ ነጥሮ ሲመለስ ትሰማዋለች። ጣሊያናዊው ተመራማሪ ስፓላንዛኒ በፈረንጆች 1790ዎቹ ዓይናቸው የማያይ የሌሊት ወፎች ምንም ሳይገጩ ሲበሩ አይቶ ግራ ተጋብቶ ነበር። ምሥጢሩ የተገለጠው በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው፤ አሜሪካዊው ዶናልድ ግሪፊንና ባልደረቦቹ ያንን ለሰው ጆሮ የማይሰማ ድምፅ በመሣሪያ ያዙት። ይኼ ድምፅ ለራሷ ነው። ላኪዋም ተቀባይዋም እሷው ናት።

ሁለተኛው ለሌላ የሚላክ ነው። ለልጅ፣ ለጓደኛ፣ ለባላንጣ። የማኅበር ድምፅ እንበለው። ብዙውን ጊዜ ወፈር ይላል፣ ይረዝማል፣ ዓይነቱም ይበዛል። መወፈሩ ያለ ምክንያት አይደለም። በጣም ቀጭን ድምፅ አየር ውስጥ ቶሎ ይሞታል። ወፍራሙ ራቅ ብሎ ይሄዳል። ራቅ ያለን ጓደኛ ለመጥራት የትኛው እንደሚሻል ግልጽ ነው።

የሰው ጆሮ የሚሰማው ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ ነው። ነፍሳት የሚበሉት አብዛኞቹ የሌሊት ወፎች የመንገድ ድምፃቸው ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ማታ ጆሮሽ የሚገባው ጫጫታ ከሁለተኛው ወገን ነው።

ደግሞ ማንጎ የሚበሉት ፍሬ በሎቹ ናቸው። ዓይናቸው ትልልቅ፣ ፊታቸው ሾጠጥ ያለ። ከእነሱ ወገን አብዛኞቹ ነጥሮ በሚመለስ ድምፅ መንገዳቸውን አይፈልጉም፣ በዓይንና በአፍንጫ ነው የሚሄዱት። አገራችንም ውስጥ ያለው ግብፃዊው ፍሬ በል ግን ምላሱን ጠቅ ጠቅ እያደረገ ጨለማ ዋሻ ውስጥ መንገዱን ያገኛል።

ሳቢያን — ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡48

እሺ መምህር፣ ለሌላ የሚላክ ነው ብለሃል። ተላከ ማለት ግን መልእክት አለው ማለት ነው? ውሻም ይጮሃል።

የካምፓስ ልጅ — ማክሰኞ፣ ምሽት 4፡05

እዚህ ላይ ልግባ። በፈረንጆች 2016 የታተመ ጥናት አለ። ቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የዮሲ ዮቬል ቡድን ነው የሠራው። ያጠኑት ደግሞ መምህር ያነሳውን ግብፃዊውን ፍሬ በል ነው። በጎጆ ያስቀመጧቸውን ቀን ከሌት ድምፅም ምስልም ቀዱ። ከዚያ 15,000 ያህል ድምፅ ወስደው ለኮምፒውተር ሰጡት፣ ለይ አሉት።

ኮምፒውተሩ የጮኸችው የትኛዋ እንደሆነች በደንብ ለየ። በምን ምክንያት እንደጮኸችም እንዲሁ በዘፈቀደ ከመገመት በተሻለ አወቀ። ምግብ ላይ ነው፣ የመኝታ ቦታ ላይ ነው፣ አላስፈላጊ የወንድ መጠጋት ነው፣ ወይስ «በጣም ቀረብከኝ» ነው? ለማን እንደተጮኸም በተወሰነ ደረጃ ደረሰበት። አንዷ ለዚህኛው የምትጮኸውና ለዚያኛው የምትጮኸው ትንሽ ይለያያል።

ለእኛ ጆሮ ሁሉም አንድ ዓይነት ጭጭታ ነው።

ሳቢያን — ማክሰኞ፣ ምሽት 4፡11

ቆይ ቆይ። ምግብ፣ መኝታ፣ «አትንካኝ»፣ «ራቅ በል»። አራቱም ጠብ ነው እኮ! እኔስ ምን አልኩ?

ገንደ ቆሬ — ማክሰኞ፣ ምሽት 4፡13

ሳቢያን ዛሬ ቀናው 😂

መምህር ቆላ — ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡20

ሳቢያን፣ ጠቡን አልካድኩም። አብሮ የሚያድር ይጣላል። የማይተዋወቁ ቢሆኑማ አንዱ ነክሶ ሌላው ይሸሽ ነበር እንጂ ማን ለማን እንደጮኸ የሚለይ ድምፅ ምን ይሠራል? አሁን ግን ጠብ የሌለበትን ላሳይህ። እኔ ከሁሉም የምወደው ይኼን ነው።

ኮስታሪካ ውስጥ በደንብ የተጠናች ትንሽዬ የሌሊት ወፍ አለች። ክብደቷ አራት ግራም አካባቢ ነው። አውራ ጣቷና ቁርጭምጭሚቷ ላይ ክብ መጣበቂያ አላት። ቤቷ ቅጠል ነዋ። የሙዝና የእንሰት ዘመድ የሆኑ ተክሎች አዲስ ቅጠል ሲያወጡ ተጠቅልሎ እንደሚወጣ አይታችኋል። እዚያ ጥቅል ውስጥ፣ ሙልጭ ያለው ቅጠል ላይ በመጣበቂያዋ ይዛ ትውላለች። ሌሎቹ ተዘቅዝቀው ሲያድሩ እሷ ጭንቅላቷ ወደ ላይ ነው።

ችግሩ ቅጠሉ ይዘረጋል። ለመኖሪያ የሚሆነው ለአንድ ቀን ያህል ነው። ስለዚህ በየቀኑ ቤት ይለቃሉ ማለት ይቻላል። ሌሊቱን ደግሞ ለየብቻ ሲያድኑ ነው የሚያድሩት። ያም ሆኖ ቡድኑ አይበተንም። እነዚያው አምስት ስድስት የሚሆኑ ለረጅም ጊዜ አብረው ይገኛሉ። በየቀኑ ቤት እየቀየሩ እንዴት ይገናኛሉ?

ይጠራራሉ። በመብረር ላይ ያለችው አጭር ጥሪ ትለቃለች። ቅጠል ያገኘችና ውስጥ የገባች ካለች ረዘም ያለ፣ ውስብስብ ያለ ድምፅ ትመልሳለች። በራሪዋ ድምፁን ተከትላ መጥታ ትገባለች። ይኼን ለዓመታት ያጠናችው ኮስታሪካዊቷ ግሎሪያና ቻቬሪ ናት። ከባልደረቦቿ ጋር ያገኘችው አንድ ነገር ደግሞ ይገርማል። ውስጥ ያለችው ማን እንደጠራት ሳትመርጥ ነው የምትመልሰው። የምትመርጠው በራሪዋ ናት፤ የራሷን ቡድን ድምፅ ከሌላው ትለያለች።

ሁሉም እኩል አይመልሱም። አንዳንዷ ለተጠራ ሁሉ አቤት ትላለች። አንዳንዷ ደግሞ ቢጠሯት ቢጠሯት ዝም ነው። በሌላ ጊዜ ሲፈተኑም ተናጋሪዋ ተናጋሪ፣ ዝምተኛዋ ዝምተኛ ሆና ትገኛለች። ጠባይ ነው እንግዲህ።

ቅጠሉም ያግዛል። ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ያለ ስለሆነ ከውጭ የሚመጣውን ጥሪ ያጎላዋል። ውስጥ ያለችው በደንብ ትሰማለች።

የፈላና በር ልጅ — ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡02

ከሐረር ነኝ። ይኼን ሳነብ ወላሂ ጅባችን ነው ትዝ ያለኝ። ጅብም እኮ እንዲህ ነው። መንጋው አንድ ነው፣ ማታ ግን አንዱ በፈላና በር፣ ሌላው በኤረር በር፣ ሌላው ቆሻሻ መጣያው ጋ። ከዚያ ያ «ኡኡፕ» የሚለው ረጅም ጩኸት አለ። እሱ ኪሎ ሜትሮች ይሰማል፣ የእያንዳንዱም ድምፅ የተለየ ነው። ጅቦቹን የሚያበሉት ሰዎች በስማቸው ሲጠሯቸው ቱሪስት ይስቃል፤ ጅቦቹ ግን እርስ በርስ በድምፅ መተዋወቅ ከጀመሩ ቆይተዋል።

መምህር ቆላ — ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡15

በትክክል። ተበትኖ መልሶ የሚሰበሰብ እንስሳ ሁሉ ይኼ ጣጣ አለበት። ጅብም፣ የሌሊት ወፍም፣ ዝሆንም። ዓይን በማይደርስበት ጊዜ በድምፅ ካልሆነ በምን ይሰበሰባሉ?

እናት ለገሃሬ — ረቡዕ፣ ቀን 7፡30

ልጆቼ፣ ደስ የሚል ወሬ ይዛችኋል። እኔ የምጠይቀው ስለ ልጆቻቸው ነው። እናቲቱ ለምግብ ስትወጣ ልጇን ይዛ ነው የምትሄደው? ትታ ከሄደችስ በዚያ ሁሉ መሀል የራሷን እንዴት ታገኛለች?

የካምፓስ ልጅ — ረቡዕ፣ ቀን 8፡10

እናቴ፣ ጥያቄሽ በደንብ ተጠንቷል። አንዳንዶቹ ገና ጨቅላ ሳሉ ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው ይሄዳሉ። ብዙዎቹ ግን ትተው ነው የሚወጡት።

አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ ብራከን የሚባል ዋሻ አለ። በአገሩ ሞቃት ወራት እዚያ የሚሰበሰቡት የሌሊት ወፎች ከ15 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ልጆቹ ግድግዳው ላይ ተጠጋግተው፣ ተነባብረው ነው የሚቆዩት፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በሺህ የሚቆጠሩ። ቀድሞ ሰው እናቶቹ ያገኙትን ልጅ ዝም ብለው ያጠባሉ ይል ነበር። በኋላ በዘር ምርመራ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ የራሷን ነው የምታጠባው። መጀመሪያ የተወችበት አካባቢ ትመለሳለች። ከዚያ ትጣራለች፣ ልጁም ይጮሃል። የእያንዳንዱ ልጅ ጩኸት የራሱ ቅርጽ አለው። ቀርባ ደግሞ በጠረኑ ታረጋግጣለች።

ሌላም ልጨምርልሽ። መካከለኛና ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ጀርባዋ ላይ ሁለት ነጭ መስመር ያላት አንዲት ዓይነት አለች። ግልገሎቿ እንደ ሰው ሕፃን ይኮላተፋሉ። ትልልቆቹ የሚያሰሙትን ድምፅ ቆራርጠው፣ ደጋግመው፣ ደባልቀው ይለማመዱታል። የሚርያም ክኖርንሺልድ ቡድን በ2021 አሳትሞታል። ወንዱም ሴቷም ይለማመዳሉ፣ ምንም እንኳ ሲያድጉ የሚዘፍኑት ወንዶቹ ቢሆኑም።

እናት ለገሃሬ — ረቡዕ፣ ቀን 8፡25

ሱብሃነላህ! ተባረክ ልጄ።

ገንደ ቆሬ — ረቡዕ፣ ቀን 9፡00

አንድ ቁም ነገር ልጠይቅ፣ አትሳቁብኝ። የድሬ የሌሊት ወፍና የሐረር የሌሊት ወፍ ድምፃቸው ይለያያል?

የካምፓስ ልጅ — ረቡዕ፣ ቀን 9፡40

አንሳቅም፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። በድሬና በሐረር አልመልስልህም፤ በሌላ አገር ግን መልሱ አለ።

ትሪኒዳድ ደሴት ላይ የሚኖሩ ትልልቅ የሌሊት ወፎች አሉ። ሴቶቹ ዋሻ ጣሪያ ላይ በቡድን በቡድን ነው የሚቀመጡት። የሚገርመው በቡድኑ ውስጥ ያሉት ዘመዳሞች አይደሉም፤ ከየትም የመጡ ናቸው። ግን ለዓመታት አብረው ይቆያሉ። ለምግብ ሲወጡ ጠንከር ያለ፣ ለእኛም የሚሰማ ጩኸት አላቸው፣ በእሱ ይፈላለጋሉ፣ የሚበሉበትንም ዛፍ ከሌላ ቡድን ይከላከላሉ። የእያንዳንዱ ቡድን ጩኸት ይለያያል። በ1998 የታተመው ጥናት ምን አደረገ፣ ሴቶችን ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው አዛወረ። ከጥቂት ወራት በኋላ የአዲሷም የነባሮቹም ድምፅ እየተቀራረበ መጣ። ያስተዋልክ እንደሆነ እንግዳዋ ብቻ አይደለችም የተለወጠችው።

ግብፃዊው ፍሬ በል ላይም በ2017 ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ግልገሎች ከእናታቸው ጋር እያደጉ ወፈር ያለ ወይም ቀጠን ያለ የብዙ የሌሊት ወፎች ጫጫታ በድምፅ ማጉያ ተለቀቀላቸው። ሲያድጉ የእናታቸውን ሳይሆን ያንን የሰሙትን የብዙሃኑን አነጋገር ይዘው ተገኙ።

ገንደ ቆሬ — ረቡዕ፣ ቀን 9፡44

አቦ ይኼማ ድሬ ነው! ከየትም ይምጣ፣ ትንሽ ከከረመ «አቦ» ማለት ይጀምራል። ከዚያ እሱን ከእኛ ማን ይለየዋል?

የከዚራዋ — ረቡዕ፣ ምሽት 1፡30

ምን ዓይነት ደስ የሚል ነገር ነው የከፈትኩት! አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፣ ልጆቹ ፈርተዋል። ደም የሚመጠው የትኛው ነው?

መምህር ቆላ — ረቡዕ፣ ምሽት 2፡05

ልጆቹን አረጋጊያቸው። ደም የሚልሱት ሦስት ዝርያዎች ብቻ ናቸው፣ ሦስቱም የላቲን አሜሪካ ናቸው። አፍሪካ ውስጥ የሉም።

ካነሳሻቸው ግን የማኅበር ነገር ከእነሱ ይማሯል። ሁለት ሦስት ሌሊት ሳትበላ ያደረች ትሞታለች። ስለዚህ የጠገበችው ለተራበችው ጓደኛዋ ከሆዷ መልሳ ታጎርሳታለች። ጄራልድ ዊልኪንሰን ይኼን በ1984 ነው ያሳተመው። በኋላ ደግሞ ከጄራልድ ካርተር ጋር ሆነው ድምፅ እያሰሙ ፈተኗቸው። የሌሊት ወፏ ከዘመዷ ጥሪ ይልቅ ቀደም ሲል ወዳበላቻት ጓደኛዋ ጥሪ ነበር የምትሳበው። ውለታ በድምፅ ይታወሳል።

ልጆቹ መፍራት ያለባቸው ሌላ ነገር ነው። የወደቀች የሌሊት ወፍ በእጅ አይነሳም፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርባት ይችላል። ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን በብዙ ውኃና ሳሙና አጥቦ ያኔውኑ ጤና ጣቢያ ነው። የተቦጨቀ ማንጎም አይበላም፣ ይጣል። ደህናውንም እጠቡት። የማርበርግ ቫይረስም የሚኖረው በግብፃዊው ፍሬ በል ውስጥ ነው፤ ስለዚህ በብዛት የሚያድሩበት ዋሻ ውስጥ እየገቡ መቆየት አያስፈልግም። ቃጫውን ስትጠርጊ እጅሽን ሸፍነሽ፣ መጀመሪያ ውኃ አርከፍክፈሽበት።

ሳቢያን — ረቡዕ፣ ምሽት 2፡30

እሺ፣ ጠብ ብቻ አለመሆኑን ተቀብያለሁ። ግማሹ ጠብ ነው። ግን የምታመጧቸው ሁሉ የውጭ ናቸው። የእኛው ቆላ ውስጥ የለም?

መምህር ቆላ — ረቡዕ፣ ምሽት 2፡55

አለ እንጂ። አፍንጫዋ ላይ የልብ ቅርጽ ያለው ቆዳ ያላት፣ ጆሮዋ ትልልቅ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ደረቅ ቆላ የምትኖር የሌሊት ወፍ አለች። ኢትዮጵያም ውስጥ ትገኛለች። ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ መሬት ላይ የሚሄደውን ጢንዚዛ ኮሽታ ታዳምጣለች፣ ከዚያ ዘላ ትይዘዋለች። ታንዛኒያ ውስጥ እንደተጠናው፣ ቀን አብረው ይውሉና ማታ እያንዳንዱ ወደ ማደኛ ቦታው ይሄዳል። እዚያም ይዘፍናል። «ይኼ የእኔ ነው» ነው መልእክቱ። ዘፈኑ ለሰው ጆሮም ይሰማል።

እዚህ ላይ ድምፅ የሚያራርቅ ነው ልትለኝ ነው፣ አውቅሃለሁ። አዎ። ማታ ቦታቸውን ስለተካፈሉ ነው ቀን አብረው መዋል የሚችሉት ብዬ ነው የማስበው። ይኼ የእኔ አስተያየት ነው።

የፈላና በር ልጅ — ሐሙስ፣ ቀን 6፡20

መምህር፣ አንድ የቤት ጉዳይ። ጁገል ውስጥ የአያቴ ቤት ኮርኒስ ላይ ትንንሾቹ ገብተዋል። ሽታው አስቸግሯል፣ ጣሪያውን ልናድስ ነው። ብናስወጣቸው ይበተናሉ?

መምህር ቆላ — ሐሙስ፣ ምሽት 1፡10

ቤት መቀየር ብቻውን አይበትናቸውም። አውሮፓ ጫካ ውስጥ የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ የሚያድሩ ዓይነቶች አሉ፣ በየጥቂት ቀኑ ዛፍ ይቀይራሉ። አንዳንዴ ለሁለት ለሦስት ይከፈላሉ፣ ደግሞ ይገናኛሉ፤ የሴቶቹ ቡድን ግን ለብዙ ዓመት አንድ ሆኖ ይቆያል። ሊነጋ ሲል አዲሱ ቀዳዳ አፍ ላይ እየዞሩ ይበራሉ፣ ያልደረሱትም ያያሉ፣ ይሰማሉ፣ ይከተላሉ።

የሚያጠፋቸው ሌላ ነው። መብረር ያልጀመሩ ልጆች ውስጥ እያሉ ቀዳዳውን ከደፈናችሁ እናቶቹ ውጭ፣ ልጆቹ ውስጥ ይቀራሉ። ልጆቹ እስኪሞቱ ይጮሃሉ፣ ሽታውም ያኔ ነው የሚብስባችሁ። ስለዚህ ማታ ሁሉም ሲወጡ በባትሪ ታች ሆናችሁ ተመልከቱ። የቀረ ልጅ ካለ፣ መብረር እስኪጀምር ሥራው ይቆይ። ከሌለ፣ መውጫው ላይ ከላይና ከጎን ብቻ የተያዘ መረብ አንጠልጥሉ፣ ታቹ ክፍት ይሁን። በሥሩ ተንሸራተው ይወጣሉ፣ ተመልሰው ግን መግባት ያቅታቸዋል። ሁሉም መውጣታቸውን ካረጋገጣችሁ በኋላ ድፈኑት። መርዝ እንዳትረጩ። እነዚያ ትንንሾቹ ትንኝ የሚበሉት ናቸው።

የፈላና በር ልጅ — ሐሙስ፣ ምሽት 1፡18

መረቡ ጥሩ ሐሳብ ነው። ለአናጢው አሳየዋለሁ።

ሳቢያን — ሐሙስ፣ ምሽት 2፡00

ይኼን ድምፅ በስልክ መቅዳት ይቻላል?

የካምፓስ ልጅ — ሐሙስ፣ ምሽት 2፡12

የትንንሾቹን የመንገድ ድምፅ አይቻልም። የስልክ ቀረጻ እንደ ሰው ጆሮ 20,000 ኸርዝ አካባቢ ላይ ነው የሚያቆመው። ለዚያ ቀጭኑን ድምፅ ወደ ወፍራም የሚያወርድ መሣሪያ ያስፈልጋል። የፍሬ በሎቹን ጫጫታ ግን በስልክህ ትቀዳዋለህ። ከዛፉ ትንሽ ራቅ በል፣ ባትሪ አታብራባቸው፣ ከዚያ እዚህ ጫነው።

ሳቢያን — ሐሙስ፣ ምሽት 2፡15

ቅዳሜ ደቻቱ ዳር ካለው ዋርካ ሥር እሞክራለሁ። ጠብ ሆኖ ከተገኘ ግን አልደብቅም፣ እለጥፈዋለሁ።